ሳዝና ኤሌክትሪክ ጊታር፤ ስለ ጄም ካራጃ ሕይወትና ስለ አናቶሊያ የዜማ ሙያ

በአናቶሊያ ደጋና ቆላ፣ ከጥቁር ባሕር ዳርቻ አንሥቶ እስከ ቶሮስ ተራሮች ግርጌ ድረስ፣ ሳዝ የተባለውን አንገተ ረጅም ባለ ክር መሣሪያ በትከሻቸው አንግበው ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወሩ፣ ፍቅርንና ሞትን፣ የፈጣሪን ናፍቆትና የገዥን በደል በዜማ የሚያሰሙ ባለቅኔዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ የአገሩም ሰው አሺቅ ይላቸዋል። አሺቅ የሚሆን ሰው ሙያውን የሚቀስመው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ የቀደሙትን ዜማ በቃሉ አጥንቶ፣ በሠርግና በቡና ቤት ከእኩዮቹ ጋር በግጥም ተወዳድሮ ነው፤ ከበቃም በኋላ የቅኔ ስም ይቀበልና ያንን ስም በእያንዳንዱ ግጥሙ የመጨረሻ አንጓ ውስጥ ያኖረዋል። ስለዚህ ሰሚው ቃሉን የተናገረው ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ተናጋሪውም ካፉ የወጣውን ሊክድ አይችልም።

ይህ ስምን ከቃል ጋር የማሰር ልማድ ብዙዎችን ክብር ሲያለብስ ጥቂቶችን ደግሞ ሕይወታቸውን አስከፍሏል። በ16ኛው መቶ ዓመት በሲቫስ አገር የኖረው የአሌቪ እምነት ባለቅኔ ፒር ሱልጣን አብዳል በኦቶማን ሥልጣን ላይ ተነሥቷል ተብሎ በሂዚር ፓሻ ትእዛዝ እንደ ተሰቀለ የአበው ትውፊት ይተርካል። ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ የአቭሻር ነገድ ልጅ የነበረው ዳዳሎግሉ፣ የሱልጣኑ መንግሥት በ1865 ጦር ልኮ በቶሮስ ተራሮችና በቹኩሮቫ ሜዳ መካከል ክረምት ከበጋ እየተዘዋወሩ ከብት የሚያረቡትን ነገዶች በግድ መንደር ሲያስገባ፣ ለዐዋጅ ከመገዛት ተራራውን የመረጡትን ሰዎች ልብ በዜማው አሰማ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።) የዘፋኙ ሙያ በአናቶሊያ ከጨዋታ ይልቅ ወደ ምስክርነት የቀረበ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ ከዚህ በታች ሕይወቱን የምተርክለት ጄም ካራጃም ከመንደር ያልተወለደ፣ ሳዝ ይዞ ያልዞረ፣ የኢስታንቡል የቴአትር ቤት ልጅ ሲሆን፣ የዚህን ሙያ ክብርና መከራ አንድ ላይ የወረሰ ሰው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ግን አስቀድሞ የቱርክ ሪፐብሊክ ስለ ዜማ ምን ያስብ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሪፐብሊኩ በተመሠረተበት በ1923 ዓመት ዚያ ጎካልፕ የተባለው ሊቅ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኦቶማን ቤተ መንግሥት ሲሰማ የኖረው ሙዚቃ ከቢዛንታይን የተወረሰ ባዕድ ነገር ነው፤ እውነተኛው ብሔራዊ ሙዚቃ የሚወለደው የገበሬው ዜማ ከምዕራባውያን የሙዚቃ ጥበብ ጋር ሲዋሐድ ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ትምህርት የመንግሥት መመሪያ ለመሆን ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ በ1934 የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ከራዲዮ ታግዶ ለሃያ ወራት ያህል ዝም እንዲል ተደረገ፤ ሕዝቡ ግን ጆሮው የለመደውን ፍለጋ የራዲዮኑን መዘውር ወደ ካይሮ አዞረ። በ1936 ስመ ጥሩው የሃንጋሪ የሙዚቃ ሊቅ ቤላ ባርቶክ ተጋብዞ መጣና፣ ወጣቱን ደራሲ አድናን ሳይጉንን አስከትሎ በአዳና አካባቢ ያሉትን ዘላኖች ዜማ ቀረጸ። ከ1937 ጀምሮም የአንካራ ኮንሰርቫቶሪ መምህራን በየዓመቱ በቡድን እየሆኑ መቅረጫቸውን ጭነው ወደ ገጠር ወጡ፤ በአሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ወደ 10,000 የሚጠጋ ዜማ ሰበሰቡ፤ ሙዛፈር ሳሪሶዘን የሚመራው የራዲዮ መዘምራን ጓድም ያንን ዜማ ለመላው አገር ያሰማ ጀመር።

ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ባይሠራ ኖሮ ስንቱ ዜማ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ በተቀበረ ነበር። ይሁን እንጂ ዜማው ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ራዲዮው አዳራሽ ሲገባ አንድ ነገር ከደጅ ቀረበት። አንዱ አሺቅ ለብቻው፣ በራሱ ቁጣና በራሱ ኀዘን ይዘፍነው የነበረውን፣ አሁን መዘምራን በኅብረት፣ በተስተካከለ ድምፅና በተስተካከለ የቱርክኛ አነጋገር ይዘምሩት ጀመር፤ ስለ እምነት ልዩነትና ስለ ገዥ በደል የሚናገሩት ስንኞችም ወይ ተለዘቡ ወይ ተተዉ። በልጅነቱ በፈንጣጣ ዐይኑ የጠፋው የሲቭሪያላን መንደሩ አሺቅ ቬይሰል በ1933 ለሪፐብሊኩ ዐሥረኛ ዓመት በገጠመው ግጥም በአገሩ ሁሉ ታውቆ እስከ ዕለተ ሞቱ ተከብሮ ኖረ። በሌላው ወገን ግን የአንካራ ኦፔራ ባለ ወፍራም ድምፅ ዘፋኝ የነበረው ሩሂ ሱ፣ የአሺቆቹን ዜማ እንደ ነበረ ከነቁጣው መዝፈን ሲጀምርና የግራ ፖለቲካ ተከታይ መሆኑ ሲታወቅ በ1952 ታስሮ አምስት ዓመት በወኅኒ አሳለፈ። የገበሬው ዜማ እስከ የት ድረስ እንደሚፈቀድና ከየት ጀምሮ እንደሚያስከስስ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ዕድል ለመረዳት አያስቸግርም።

ጄም ካራጃ በኢስታንቡል ከተማ ኤፕሪል 5 ቀን 1945 ተወለደ። አባቱ መህመት ካራጃ የትውልድ ሐረጋቸው ከአዘርባጃን የሚመዘዝ እስላም ተዋናይ ሲሆኑ፣ እናቱ ቶቶ ካራጃ፣ የልጅነት ስማቸው ኢርማ ፈለክያን፣ ከአርመን ቤተሰብ የተወለዱ በኦፔሬት፣ በቴአትርና በፊልም የታወቁ ተዋናይት ነበሩ። የኢስታንቡል አርመኖች በኦቶማን ዘመን ለኪነ ጥበብ ያበረከቱት አገልግሎት ሰፊ መሆኑን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ዜመኛ የነበረው ሃምፓርሱም ሊሞንጅያን የፈለሰፈው የዜማ ምልክት፣ በቃል ብቻ ሲወርድ የኖረውን የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ ለተከታዩ ትውልድ በጽሑፍ አቈይቶለታል፤ ጉሉ አጎፕ እየተባለ የሚጠራው አጎፕ ቫርቶቭያን ደግሞ በጌዲክፓሻ ቴአትር ቤት በቱርክኛ የሚቀርበውን ተውኔት በመሠረቱ ላይ አቆመው። በ1915 በአርመኖች ላይ የደረሰው እልቂት ይህን ማኅበር በተነው። ሐዋርያዊ ካህንና የሙዚቃ ሊቅ የነበረው ኮሚታስም ኤፕሪል 24 ቀን በኢስታንቡል ከተያዙት ምሁራን አንዱ ነበር። የአናቶሊያ ከተማ ከሆነችው ከአይንታብ የወጣው ኬቮርክ ናልባንድያን፣ ከአርባው ወላጅ አልባ ልጆች ጋር በ1924 አዲስ አበባ ገብቶ ለኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ የደረሰው በዚሁ መበተን ምክንያት ነው፤ ስለዚህ የአናቶሊያ አርመኖች ነገር ለእኛም ፈጽሞ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በኢስታንቡል የቀሩት ግን በቴአትሩ መድረክ ላይ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የጄም እናትና አያቱ ከእነዚህ ነበሩ።

እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ መድረክን መፍራት አያውቅም። በሮበርት ኮሌጅ ሲማር አባቱ ዲፕሎማት እንዲሆንላቸው ይመኙ ነበር፤ እርሱ ግን በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ ነበሩት የከተማ ወጣቶች ሁሉ የኤልቪስ ፕሬስሊን ሸክላ እየሰማ፣ ዲናሚትለርና ጃጓርላር በሚባሉ የወጣት ጓዶች ውስጥ የእንግሊዝኛ ዘፈን ይዘፍን ጀመር። በዚያ ዘመን የኢስታንቡል ባለ ጊታር ወጣት ለአናቶሊያ ገበሬ ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበር ለመናገር ያዳግታል፤ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ዜማ አይሰማም ነበር። ለጄም ይህ ግድግዳ የተሰነጠቀው በወታደርነት ጊዜው ነው። ግዴታውን እንዲፈጽም ወደ አንታክያ ማለትም ወደ ጥንቷ አንጾኪያ ተልኮ ሳለ፣ ከየአውራጃው ከመጡት ወታደሮች ጋር በአንድ ሰፈር ውሎ ሲያድር የአሺቆቹን ዜማና ቅኔ ቀርቦ ሰማ፤ ከሠራዊቱ ሲሰናበትም የሚዘፍንበትን ቋንቋ ለውጦ ተመለሰ።

ጊዜውም ተመቸው። ሁሪየት የተባለው ጋዜጣ በ1965 ያቋቋመው የወርቅ ማይክሮፎን ውድድር፣ ተወዳዳሪዎች የሕዝብ ዜማን በምዕራባውያን መሣሪያ እንዲያቀናብሩ ወይም በቱርክኛ አዲስ ዜማ እንዲደርሱ ያዝዝ ስለ ነበር፣ ባለ ጊታሮቹ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ዜማ ፍለጋ ጆሮአቸውን ወደ መንደር አዘነበሉ። ጄም ካራጃ የጊታር ባለሙያው መህመት ሶያርስላን ከሚመራው አፓሽላር ከተባለው ጓድ ጋር ሆኖ በ1967 ለውድድሩ ያቀረበው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው የኤርዙሩሙ ኤምራህ የገጠመውን ግጥም ነበር፤ ሁለተኛም ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ከፌርዲ ክላይን ኦርኬስትራ ጋር የተቀረጹት ሸክላዎች፣ ከእነርሱም መካከል «ረሲምደኪ ጎዝያሽላሪ» የተሰኘው የፍቅር ዜማ፣ ስሙን በአገሩ ሁሉ አስጠሩት። ያን ዜማ ዛሬም ድረስ የማያንጐራጕር ቱርካዊ ብዙ አይገኝም።

በዚህ ቢረካ ኖሮ ተወዳጅ የፍቅር ዘፋኝ ሆኖ በኖረ ነበር። እርሱ ግን በ1969 ከአፓሽላር ተለይቶ ከሴይሃን ካራባይ ጋር ካርዳሽላር የተባለውን ጓድ አቋቋመ፤ በ1970 ያወጡትም «ዳዳሎግሉ» የተሰኘው ሸክላ፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ ማዕከል ነው። መቶ ዓመት ያለፈው የተራራው ሰው እምቢታ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ታጅቦ ሲመጣ፣ በራዲዮ መዘምራን አፍ የተለዘበው ቃል የቀድሞ ስለቱ ተመለሰለት። የካራጃ ድምፅ ወፍራምና ሰፊ ነው፤ ከእናት ከአባቱ የወረሰው የመድረክ ትምህርት ደግሞ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ፣ አንዱን እየጐተተ ሌላውን እየሰበረ፣ ባለታሪኩን ራሱን ሆኖ እንዲናገር አስችሎታል። አሺቁ ቃሉን የሚያስተላልፈው ተቀምጦ፣ ድምፁን ቆጥቦ፣ ሳዙን ደረቱ ላይ አስደግፎ ነው፤ ካራጃ ግን ረጅም ጠጕሩን ለቆ፣ ቆሞና እጁን ዘርግቶ፣ ቴአትርን ከዜማ ጋር አዋሕዶ አቀረበው።

የዚህ ውሕደት ሠራተኛ እርሱ ብቻ አልነበረም። ሞጎላር የተባለው ጓድ በ1967 መጨረሻ ተመሥርቶ፣ አባላቱ በአናቶሊያ ከተሞች እየዞሩ የመንደሩን ሙዚቃ ካጠኑ በኋላ ሥራቸውን «አናዶሉ ፖፕ» ብለው ሰየሙት፤ ጃሂት በርካይ ሳዙን፣ በደጋን የሚመታውን ታንቡርና ሌሎቹን የአገር መሣሪያዎች፣ ሙራት ሰስ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኦርጋኑን ይዘው፣ በሰባትና በዘጠኝ ምት የሚሄደውን የመንደር ጭፈራ ከሮክ ሙዚቃ ጋር አስማሙት፤ በ1971ም በፈረንሳይ የሻርል ክሮን የሸክላ ሽልማት አገኙ። ባሪሽ ማንቾም በ1970 ባወጣው «ዳዕላር ዳዕላር» በተሰኘው ዜማው እጅግ ታወቀ፤ ኤርኪን ኮራይ፣ ፍክረት ኪዚሎክና ሰልዳ ባጃን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፈለግ ተከተሉ። በ1972 ካራጃ ወደ ሞጎላር ሲገባ የሞጎላር ዘፋኝ የነበረው ኤርሰን ወደ ካርዳሽላር ተሻገረ፤ ከዚህ መለዋወጥ የተገኘው «ናሙስ በላሲ» የተሰኘው ሸክላ በ1974 ገበያ ወጥቶ በጣም ተሸጠ። ጎካልፕ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተመኘው የገበሬው ዜማና የምዕራቡ ጥበብ ጋብቻ በእውነት የተፈጸመው በእነዚህ ወጣቶች እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ከኮንሰርቫቶሪ የተመረቁት ሊቃውንት የገበሬውን ዜማ በሲምፎኒ ውስጥ አስገብተው ለከተማው አዳራሽ አቀረቡት፤ እነዚህ ግን ለገበሬው ልጅ፣ ያም ልጅ ከእርሻው ተነቅሎ ወደ ፋብሪካው በር በመጣበት ቀን፣ መልሰው ሰጡት።

የገበሬው ልጅ ወደ ከተማ መምጣት የዚያ ዘመን ዋና ጉዳይ ነበር። በኢስታንቡል፣ በአንካራና በኢዝሚር ዙሪያ ከገጠር የመጡት ሰዎች ጨለማን ተገን አድርገው በአንድ ሌሊት የሚያቆሟቸው ጎጆዎች ኮረብታዎቹን አልብሰው ነበር። በ1961 የወጣው ሕገ መንግሥት ለሠራተኛው የመደራጀትና የሥራ ማቆም መብት ሰጠው፤ በማርች 12 ቀን 1971 ግን የጦር አለቆች በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መንግሥትን አስለቀቁና መብቱ ሁሉ ይጠብ ጀመር፤ በ1972ም የተማሪዎች መሪ የነበረው ደኒዝ ጌዝሚሽ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተሰቀለ። ካራጃ በ1974 ደርቪሻን የተባለውን አዲስ ጓድ ሲያቋቁም ዜማው ከተራራው ወደ ፋብሪካው ወረደ።

ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ ሁሉ በ1975 የወጣው «ታሚርጂ ቺራዒ» የተሰኘው ዜማ ልዩ ቦታ አለው። ታሪኩ ቀላል ነው። በጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ተለማማጅ መኪናዋን ለማስጠገን የመጣችውን የሀብታም ልጅ አይቶ ይወዳታል፤ ባነበባቸው ልብ ወለዶች እንዲህ ያለ ፍቅር በደስታ ሲፈጸም አይቷልና፣ መኪናዋን ለመውሰድ በምትመለስበት ቀን የዘይት ልብሱን አውልቆ፣ ንጹሕ ለብሶና ጠጕሩን አበጥሮ ይጠብቃታል። እርስዋ ግን ገጽታዋን አጥቍራ አልፋው ትሄዳለች፤ ዋናው ሜካኒክም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ የሥራ ልብሱን መልሶ እንዲለብስ ያዝዘዋል። በዚህ ዜማ ውስጥ የመፈክር ቃል የለም፤ የፖለቲካ ፓርቲ ስምም አይነሣም። ካራጃ የተለማማጁን ተስፋ፣ የልጅቷን ንቀትና የሜካኒኩን ርኅራኄ እያንዳንዱን በየድምፁ ሲናገር ሰሚው የመደብ ልዩነት ምን እንደ ሆነ ያለ ሐተታ ይገባዋል። ስለ ሠራተኛ ከተዘፈኑት ብዙ ዘፈኖች ጋር ሳነጻጽረው፣ እንደዚህ ያለውን የተውኔትና የዜማ መዋሐድ በሌላ ቦታ አላገኘሁም፤ በ1978 ያወጣው «ሳፊናዝ» የተሰኘው ረጅም የሮክ ኦፔራ እንኳ፣ በውጥኑ ሰፊ ቢሆንም፣ የዚህን አጭር ዜማ ያህል አልጠለቀም።

በ1977 የተቀረጸው «ቢር ማዪስ» ማለትም «ሜይ 1» የተሰኘው የሠራተኞች መዝሙር ግን ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት አደረሰው። መዝሙሩን በመሠረቱ የደረሰው ሳርፐር ኦዝሳን ሲሆን፣ የአንካራ የኪነ ጥበብ ቴአትር በ1974 ለመድረክ ላበቃው ለጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ለብሬኽት «እናት» ተውኔት የታሰበ ነበር። በዚያው በ1977 በሜይ 1 ቀን በኢስታንቡል በታክሲም አደባባይ በተሰበሰበው የሠራተኛ ጉባኤ ላይ ጥይት ተተኵሶ በድንጋጤና በመረጋገጥ ጭምር 34 ሰዎች ስለ ሞቱ፣ የዕለቱ ስም ራሱ በአገሪቱ የደም ትርጓሜ አገኘ። ካራጃም በዚህ ሸክላ ምክንያት ክስ ተመሠረተበት። በአደባባዩም፣ በዩኒቨርሲቲውም፣ በየመንደሩም ግራና ቀኝ በጦር መሣሪያ እየተፈላለጉ በሺህ የሚቈጠር ሰው ሲያልቅ፣ ሥራውን ወደሚያሳይበት መድረክ መውጣት ለዘፋኙም ለሰሚውም ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ሆነ። በ1979 ካራጃ ገና ሕፃን የነበረውን ልጁን ኤምራህን በአገር ቤት ትቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደ።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 1980 ጄኔራል ኬናን ኤቭረን የመሩት የጦር ሠራዊት ሥልጣኑን ያዘ። አዲሱ መንግሥት ካራጃን ተመልሶ ለፍርድ እንዲቀርብ ደጋግሞ ጠራው፤ አልመጣም። በዚያው በ1980 አባቱ ሲሞቱ በቀብራቸው ላይ መገኘት አልቻለም። በ1983 መጀመሪያም ዜግነቱ ተገፈፈ፤ ፊልም ሠሪው ይልማዝ ጉኔይም ያው ፍርድ ደረሰበት፤ ከዚያ አስቀድሞ ታላቁ ባለቅኔ ናዚም ሂክመት በ1951 ዜግነቱን ተነጥቆ በሞስኮ በስደት ሞቷል። ከ1980 በኋላ ዜግነታቸውን ያጡት ሰዎች ቍጥር ወደ 14,000 እንደሚደርስ ይነገራል። መዝሙረ ዳዊት የባቢሎንን ስደተኞች ነገር ሲተርክ በገናን ሰቅሎ ዝም ማለትን ያሳያል፤ ካራጃ ግን ዝም አላለም። በ1980 «ሃስረት» የተሰኘውን፣ በ1982 «ቤክሌ ቤኒ» የተሰኘውን ሥራ በቱርክኛ አሳተመ፤ የሁለቱም ስም ናፍቆትን የሚናገር ነው። በ1984 ደግሞ በጀርመንኛ ቋንቋ፣ ለባዕድ ሠራተኞች በሚሰጠው የስድብ ስም «ዲ ካናከን» ብሎ የሰየመውን አልበም አወጣ።

ይህ የጀርመንኛ ሥራ ብዙ ጊዜ ቸል የሚባል ቢሆንም ለእኔ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ጀርመን ከቱርክ ጋር በኦክቶበር 1961 በተፈራረመችው ውል መሠረት የሄዱት የአናቶሊያ ገበሬዎች በማዕድን ጕድጓድ፣ በመኪና ፋብሪካና በመንገድ ጽዳት ሥራ ሃያ ዓመት ከቈዩ በኋላ፣ አገሪቱ ሥራ ሲጠብባት በ1983 ባወጣችው ሕግ ገንዘብ ተቀብለው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ታባብላቸው ነበር። ካራጃ በራሱ አገር የገበሬውንና የተለማማጁን በደል እንደ ዘፈነ ሁሉ፣ በባዕድ አገር ደግሞ የዚያኑ ገበሬ በደል ለአሠሪው በአሠሪው ልሳን ነገረው። ከአንድ ምድር ተነቅሎ በሌላው ያልበቀለው ሰው ጠበቃ ለመሆን፣ ራሱ ፓስፖርት አልባ ከሆነ ሰው የተሻለ ማን ሊገኝ ይችል ነበር?

ስደቱ ግን ከበደው። በ1985 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቱርጉት ኦዛል ሙኒክ ከተማ በመጡ ጊዜ ቀርቦ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ እንዲያበጁለት ለመናቸው፤ በ1987 ኢስታንቡል ገባ፤ በዚያው ዓመት ወጣቶችንና በልባቸው ወጣት የሆኑትን ሁሉ የሚሳለምበትን አልበም አሳተመ። ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ሲቀበለው፣ አብረውት የዘፈኑና አብረውት የተሰደዱ ብዙ የግራ ፖለቲካ ሰዎች ግን ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ሥልጣን ለያዘው ወገን እጅ ሰጥቷል፤ እምነቱን በመግቢያ ወረቀት ሽጧል ብለው አወገዙት። ወቀሳው ከእርሱ ጋር እስከ መቃብር ሄዷል፤ ዛሬም በቱርክ ስለ እርሱ የሚጽፉ ሁሉ ወይ ይከሱታል ወይ ይከላከሉለታል።

እኔ ከሚከላከሉለት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም መናገር ይገባኛል። የወቀሱት ሰዎች ሕመማቸው እውነተኛ መሆኑን አልክድም፤ ወዳጆቻቸው በወኅኒ ቤት ተሰቃይተው ሞተዋል፤ ሩሂ ሱ በካንሰር ታሞ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ለመውጣት ፓስፖርት በጊዜው ሳያገኝ በ1985 ሞተ፤ ይልማዝ ጉኔይም ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በፓሪስ አርፎ እዚያው ተቀብሯል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር እጅ የተጨባበጠውን ወዳጁን በመልካም ዐይን ለማየት ቢቸገር አይፈረድበትም። ነገር ግን አሺቅ ያለ ሰሚው አሺቅ አይደለም። ደራሲ በስደት ሆኖ መጽሐፉን ይጽፋል፤ መጽሐፉ ድንበር ጥሶ ይገባል፤ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሕዝቡን ቃል መልሶ ለሕዝቡ መናገርን ሙያው ያደረገ ሰው ግን ከሰሚው ጋር በተለያየ ቍጥር ሙያውም ይደክማል። ከተመለሰም በኋላ ዝም ብሎ ቢሆን፣ ወይም የገዥዎቹን ውዳሴ ዘምሮ ቢሆን፣ ክሱ በጸናበት ነበር። እርሱ ግን በ1990 ከጃሂት በርካይና ከኡዑር ዲክመን ጋር ባወጣው አልበም፣ በኦቶማን መንግሥት መጨረሻ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ተውፊቅ ፍክረት የአገርን ሀብት የሚበዘብዙትን ሹማምንት የገሠጸበትን ግጥም ዜማ አልብሶ ለአዲሶቹ ሹማምንት አሰማቸው። ያ ዘመን በኦዛል የገበያ ፖሊሲ የተነሣ አዲስ ሀብታም በየቀኑ የሚወለድበትና የሙስና ወሬ ጋዜጣውን የሞላበት ስለ ነበር፣ ዜማው ለማን እንደ ተዘፈነ ሰሚው ለመረዳት አልተቸገረም። በ1992 ያወጣው አልበምም፣ ስሙ «የት ላይ ነበር ያቆምነው?» የሚል ሲሆን፣ በዚያው መንፈስ የተሠራ ነው።

እናቱ ቶቶ ካራጃ በዚያው በ1992 ዐረፉ። በመጨረሻ ዓመታቱ በቴሌቪዥን ፕሮግራም ያቀርብ ነበር፤ በ1999ም አንድ አልበም ጨመረ፤ ጤንነቱ ግን እየደከመ ሄደ። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004 በልብና በመተንፈሻ አካላት ሕመም በኢስታንቡል ዐርፎ በእስያ ወገን ባለው በካራጃአሕመት መካነ መቃብር ተቀበረ፤ ዕድሜው ስድሳ ዓመት አልሞላም። ልጁ ኤምራህ ዛሬ የአባቱን ዜማዎች በየመድረኩ ይዘፍናል፤ ሕይወቱን የሚተርክ ፊልምም በ2024 ለእይታ በቅቷል።

ካራጃ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ የቱርክ መንግሥት ለናዚም ሂክመት ዜግነቱን መለሰለት፤ በዚያው ዓመትም ሜይ 1 ቀን የሕዝብ በዓል ሆኖ ታወጀ። በ2010 የታክሲም አደባባይ ከብዙ ዓመታት መዘጋት በኋላ ለሠራተኞች ጉባኤ ሲከፈት፣ ካራጃን በ1977 ያስከሰሰው መዝሙር በሕዝቡ አፍ ተዘመረ።